«ገብረ ሥላሴ»፦ ትርጉሙ፣ አጻጻፉና ባለ ስሞቹ

ጥያቄ፦ «የባለቤቴ አባት ገብረ ሥላሴ ይባሉ ነበር። የምንኖረው አሜሪካ ስለሆነ የእርሳቸው ስም የልጃችን የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል። ትምህርት ቤት ግን ‹ገብረ› የመካከለኛ ስም፣ ‹ሥላሴ› የመጨረሻ ስም ተደርጎ ስለገባ መምህራኑ ልጁን ‹ሥላሴ› እያሉ ነው የሚጠሩት። የሯጩ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዘመድ ነህ ወይ ብለው የሚጠይቁትም አሉ። በቅርቡ ደግሞ አንድ የክፍሉ ልጅ የስሙን ትርጉም ከኢንተርኔት ፈልጎ ‹ባሪያ ማለት ነው› ብሎት በጣም አዝኖ መጣ። ትርጉሙን በትክክል ላስረዳው እፈልጋለሁ። በአማርኛስ የሚጻፈው አንድ ላይ ነው ወይስ ተለያይቶ? በየትኛው ‹ሰ›? ከዚህ በፊት ይህን ስም የያዙ ታዋቂ ሰዎችስ እነማን ናቸው?»

መልስ፦ ከልጅዎ ሐዘን ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል። ኢንተርኔት ላይ የተገኘው ትርጉም ፈጽሞ ሐሰት ነው ብዬ ላጽናናዎት አልችልም፤ ነገር ግን ጎደሎ ትርጉም ነው፤ የጎደለውም ዋናው ነገር ነው። «ገብር» በግእዝ አገልጋይ፣ ታዛዥ፣ ባሪያ ማለት ሲሆን ሲበዛ «አግብርት» ይሆናል። በጥንት ጽሑፎች ውስጥ ሰው ለሰው የሚገዛበትን ሁኔታ ለመግለጽ የገባበት ቦታ አለ፤ ይህን ከልጁ መደበቅ አያስፈልግም። በስም ላይ ሲመጣ ግን «ገብር» ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ሁልጊዜ የማን አገልጋይ እንደሆነ የሚናገር ቃል ይከተለዋል፤ የሚከተለውም የእግዚአብሔር፣ የክርስቶስ፣ የመስቀል፣ የማርያም፣ የመላእክት ወይም የቅዱሳን ስም ነው። ገብረ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ገብረ እግዚአብሔር እያለ ይቀጥላል። ልጁ ሊይዘው የሚገባው ትርጉም እንግዲህ «የሥላሴ አገልጋይ» የሚለው ሙሉው ነው።

ቃሉ የመጣው «ገብረ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ሠራ፣ አደረገ፣ ፈጸመ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጡ ቃላት በአማርኛ በየቀኑ አፋችን ላይ ናቸው፤ ተግባር፣ ምግባር፣ ግብር፣ ግብረ ገብ፣ ገባር፣ ገበሬ ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው። በመሠረቱ «ገብር» ሥራ የሚሠራ፣ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። ዕለታዊው አማርኛ በሰው እጅ ለወደቀው ሰው «ባሪያ» የሚለውን ቃል ያዘ፤ መሬት አርሶ ግብር ለሚከፍለው «ገባር» አለ፤ «ገብር» ግን ከንግግር ወጥቶ በጸሎትና በስም ውስጥ ብቻ ቀረ። ዛሬ አንድ አማርኛ ተናጋሪ «ገብረ ሥላሴ» የሚል ስም ሲሰማ ወደ አእምሮው የሚመጣው የክርስትና ስም እንጂ የባርነት ታሪክ አይደለም።

ስሙ ውርደትን እንደማያመለክት የሚያሳየው ትልቁ ማስረጃ ደግሞ የተሸካሚዎቹ ማንነት ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነገሠውና ቅዱስ ያሬድ በዘመኑ እንደነበረ የሚነገርለት የአፄ ካሌብ ልጅ ገብረ መስቀል ይባላል። ላስታ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱን ያሳነፀው ላሊበላ የንግሥ ስሙ ገብረ መስቀል ነው። ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. የነገሠው ታላቁ ጦረኛ አፄ ዓምደ ጽዮንም በንግሥ ስሙ ገብረ መስቀል ተብሏል። ከራሳቸው በላይ ማንም ምድራዊ ጌታ የሌላቸው ነገሥታት ናቸው «የመስቀሉ አገልጋይ ነኝ» ብለው በዙፋን ላይ የተቀመጡት። ሐዋርያው ጳውሎስም በመልእክቶቹ መግቢያ ራሱን የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ ብሎ ሲያስተዋውቅ በግእዙ የምናገኘው ቃል ይኸው «ገብር» ነው። ልጅዎ ዕድሜው ከፈቀደ ይህን ይንገሩት፤ ለክፍል ጓደኛው የሚመልሰው መልስ ይኖረዋል።

በብራና መጻሕፍት ላይ ይህ ቃል እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። የዳዊት ወይም የድርሳን መጽሐፍ ሲገለበጥ ጸሐፊው በየጸሎቱ መካከል የባለ መጽሐፉን ስም ያስገባል፤ ወንድ ከሆነ «ዕቀቦ ለገብርከ» ማለትም «አገልጋይህን ጠብቀው» ብሎ የክርስትና ስሙን ይጽፋል፤ ሴት ከሆነች «ለአመትከ» ይላል። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ስም በሌላ እጅ ጽሕፈት ያስገባበታል፤ «ገብርከ» የሚለው ቃል ግን አይፋቅም። ባለጸጋውም ጭሰኛውም መኮንኑም ወደዚያ ቦታ የሚገቡት በአንድ መጠሪያ ነው።

የሴቶቹ ስም ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ በአጭሩ ላንሳው። ለ«ገብር» የሴት አቻው «አመት» ነው፤ አገልጋዪቱ ማለት ነው፤ ስለዚህ አመተ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም ይባላል። ብዙዎች ይህን በዐይኑ «ዐ» ጽፈው «ዓመተ ሥላሴ» ያደርጉታል፤ እንዲህ ሲጻፍ «ዓመተ ምሕረት» እንደምንለው የዘመን ስም ይሆንና አገልጋይነቱ ይጠፋል። ለ«ወልድ» አቻዋ «ወለት» ስለሆነች ወልደ ሥላሴ ለወንድ፣ ወለተ ሥላሴ ለሴት ይሆናል። የቤተሰብ ስም ሆኖ የመጣ «ገብረ ሥላሴ» ግን ሴት ልጅ ብትይዘውም አይለወጥም፤ የአያቷ ስም ስለሆነ አያቷን እንጂ እርሷን አይገልጽም።

ወደ «ሥላሴ» እንሂድ። ሥላሴ ሦስትነት ማለት ነው፤ የግሱ ሥር «ሠለሰ» ነው፤ ሦስት አደረገ ማለት ነው። አጻጻፉን በሚመለከት የጠየቁት ጥያቄ መልሱ እዚሁ ሥር ላይ አለ፤ የመጀመሪያው ፊደል ንጉሡ «ሠ»፣ የመጨረሻው ደግሞ እሳቱ «ሰ» ነው፤ ስለዚህ «ሥላሴ» ይሆናል። ለማረጋገጥ ሌላ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግዎትም፤ «ሦስት» እና «ሠላሳ» የሚሉትን ቃላት ይመልከቱ፤ ሁለቱም በንጉሡ ሠ ይጀምሩና በኋላ እሳቱን ሰ ያመጣሉ። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ የሚጠሯቸው የደረጃ ስሞች ከዚህም በላይ ግልጽ ያደርጉታል። ሦስተኛው ደረጃ «ሣልስ» ይባላል፤ ስድስተኛው «ሳድስ» ይባላል። በጆሮ ሲሰሙ የሁለቱ መነሻ ድምፅ አንድ ነው፤ በጽሕፈት ግን የሦስቱ በንጉሡ፣ የስድስቱ በእሳቱ ነው። «ሥላሴ» የሣልስ ዘመድ እንጂ የሳድስ ዘመድ አይደለም። በዘመናዊው አማርኛ ሁለቱ ፊደላት የድምፅ ልዩነት ስለሌላቸው «ስላሴ» ብሎ የጻፈ ሰው ቃሉን አላሳተም፣ አንባቢም ይረዳዋል፤ የኤርትራ ትግርኛም በልማዱ በእሳቱ ሰ ብቻ ስለሚጽፍ እዚያ «ገብረስላሴ» ተብሎ መጻፉ ስሕተት ተደርጎ አይታይም። በአማርኛ ግን የስም አጻጻፍ የትርጉም መዝገብ ጭምር ስለሆነ «ሥላሴ» መጻፉን አጥብቄ እመርጣለሁ።

አሁን የጥያቄዎ ልብ ወደሆነው ወደ መቆረጡ እንምጣ። «ገብረ ሥላሴ» ሁለት ቃላት ያሉት አንድ ስም ነው። በግእዝ ሁለት ስሞች ሲናበቡ፣ ማለትም አንዱ የሌላው ሲሆን፣ የፊተኛው ቃል የመጨረሻ ፊደል ሳድስ ከሆነ ወደ ግእዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው የፊደል ደረጃ፣ ይለወጣል። ገብር የነበረው ገብረ፣ ወልድ የነበረው ወልደ፣ ኃይል የነበረው ኃይለ፣ ሣህል የነበረው ሣህለ፣ ሀብት የነበረው ሀብተ፣ ተክል የነበረው ተክለ ይሆናል። የመጨረሻው ፊደል ሣልስ ሲሆን ወደ አምስተኛው ደረጃ፣ ወደ ኃምስ፣ ይሄዳል፤ «ጸሓፊ» ከ«ትእዛዝ» ጋር ሲናበብ «ጸሓፌ ትእዛዝ» የሚሆነው በዚህ ሕግ ነው። በአራተኛው ደረጃ፣ በራብዕ፣ የሚያልቀው ግን እንዳለ ይቀራል፤ «ተስፋ» ከ«ጽዮን» ጋር ተናብቦም «ተስፋ ጽዮን» ነው። «ገብረ» መጨረሻ ላይ ያለችው «ረ» እንግዲህ የማያያዣ ምልክት ናት፤ «የሚከተለኝ አለ፤ ገና አልጨረስኩም» የምትል ፊደል ናት። አማርኛ በ«የ» የሚሠራውን፣ «የሥላሴ አገልጋይ» ብሎ ባለ ንብረቱን አስቀድሞ የሚናገረውን፣ ግእዝ በዚህች የድምፅ ለውጥ ባለ ንብረቱን አስከትሎ ይናገረዋል።

ይህን የሚረዳ ሰው መቆረጡ ምን እንደሚያደርግ ወዲያው ያያል። «ገብረ» ብቻውን ሲቀር «የ… አገልጋይ» ብሎ በመካከል የተቋረጠ ንግግር ነው። «ሥላሴ» ብቻውን ሲቀር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አገልጋዩ ይሰረዝና ልጁ በራሱ በሥላሴ ስም መጠራት ይጀምራል። አንድ ሰው «ሥላሴ» ተብሎ አይሰየምም፤ የሚሰየመው የሥላሴ አገልጋይ፣ የሥላሴ ልጅ፣ የሥላሴ ኃይል፣ የሥላሴ ስጦታ ተብሎ ነው። አያቱን በክርስትና ያነሡ ካህን ይህን ቢሰሙ በጣም ይደነግጡ ነበር። ተመሳሳይ ችግር የሙስሊም ወገኖቻችንንም ያገኛቸዋል። አብዱላሂ፣ አብዱልቃድር የሚሉት ስሞች በዐረብኛ የተሠሩት ልክ እንደ «ገብረ» ነው፤ አብድ አገልጋይ ነው፤ ቀጥሎ ከፈጣሪ ስሞች አንዱ ይመጣል፤ «አብዱል» ብሎ ማቆም «ገብረ» ብሎ እንደማቆም ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የነቢዩ አብድዩ ስምም በዕብራይስጥ «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ማለት ነው። ሦስቱ ሴማዊ ቋንቋዎች በአንድ ሥርዓት የሰጡትን ስም ነው የምዝገባ ቅጽ ለሁለት የሚከፍለው።

በአገር ቤት ልማድ ስሙን ማሳጠር ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን የሚያጥርበት የራሱ መንገድ አለው። ገብረ ሥላሴ «ገብሬ»፣ ወልደ ሥላሴ «ወልዴ»፣ ኃይለ ሥላሴ «ኃይሌ»፣ ሣህለ ሥላሴ «ሣህሌ»፣ ተክለ ሥላሴ «ተክሌ» ይባላሉ። መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ኤ» የፍቅርና የማቆላመጥ ናት፤ የተቋረጠውን ስም ትዘጋዋለች፣ ሙሉ ታደርገዋለች። ልብ ብለው ካዩት ሁልጊዜ የሚቀረው የፊተኛው ቃል ነው፤ ጎረቤትም ዘመድም «ሥላሴ» ብሎ ሰውን አይጠራም። የልጅዎ መምህራን አጭር ስም ቢፈልጉ የሚያስፈልጋቸው የልጁ የራሱ ስም ነው።

ከባለ ስሞቹ በመጀመሪያ የምጠራው ጸሓፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይን ነው፤ ምክንያቱም ስሙን የአባታቸው ሳይሆን የራሳቸው አድርገው የያዙት እርሳቸው ናቸው። የዳግማዊ ምኒልክን ዜና መዋዕል በአማርኛ የጻፉት እኚህ ሰው ናቸው። ዜና መዋዕሉ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ ላይ ታተመ፤ አማርኛው በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወጣ። የፈረንሳይኛው ተርጓሚ ስም ደግሞ ተስፋ ሥላሴ ነው። ከላይ ስለ ንባብ የተናገርሁት ሕግ በዚህ አንድ መጽሐፍ ዙሪያ ሁሉም ተሰብስቦ ይገኛል፤ «ጸሓፌ» ከሣልስ ወደ ኃምስ፣ «ገብረ» ከሳድስ ወደ ግእዝ፣ «ተስፋ» ሳይለወጥ። ተማሪ ሆኖ ግእዝ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ መልመጃ ያለ አይመስለኝም።

በአባት ስምነት ከያዙት መካከል ዓለም የሚያውቀው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ በ10,000 ሜትር በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ፤ በዚሁ ርቀት ከ1993 እስከ 1999 ድረስ አራት ጊዜ ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እኛ ግን ይህን ሁሉ ስናወራ «ኃይሌ» እንላለን፤ «ገብረ ሥላሴ አሸነፈ» ብሎ የጮኸ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የውጭ ጋዜጦች ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በአባቱ ስም ሲጠሩት ኖረዋል። በአማርኛ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ «ገብረ ሥላሴ እንደ ጻፉት» የሚል ቢያነቡ የምኒልክ ጸሓፌ ትእዛዝ ናቸው፤ በውጭ የስፖርት ገጽ ላይ ስሙን ብቻውን ቢያገኙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሯጩ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሁለቱ ዓለማት የአጠራር ልማድ ነው።

በሩጫው ዓለም ብቻ ስሙ ሌሎች ሁለት ብርቱ ሰዎችን አፍርቷል። ኤርትራዊው ግርማይ ገብረ ሥላሴ በ2015 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ በ19 ዓመቱ የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ለአገሩ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አስገኘ፤ በ2016 ደግሞ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈ። ኢትዮጵያዊው ልዑል ገብረ ሥላሴ በ2018 የቫሌንሲያን ማራቶን አሸንፎ፣ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን የነሐስ ሜዳልያ አግኝቷል። ሦስቱ አንድ የአባት ስም ይዘው ሦስቱም በረጅም ርቀት መታወቃቸው የሩቅ አገር ሰው ወንድማማቾች ናቸው ብሎ እንዲያስብ ቢያደርገው አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ስሙ ስለ ዝምድና ምንም አይናገርም። «ገብረ ሥላሴ» የአንድ ቤት፣ የአንድ ነገድ ወይም የአንድ አገር ስም ሆኖ አያውቅም፤ አንድ ሕፃን በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ካህኑ የሰጡት ስም ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ ከዕለቱ በዓል ጋር ይያያዛል፤ ሥላሴ ወር በገባ በ7 ይታሰባሉ፤ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ዓመታዊ በዓላቸው ነው። በየወሩ፣ በየደብሩ፣ ከአስመራ እስከ አርሲ ስንት ሕፃን በዚህ ስም እንደ ተነሣ መቁጠር አይቻልም። ያ ሕፃን ሲያድግ ስሙ ለልጆቹ የአባት ስም ይሆናል፤ ለልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከመጠሪያ ይወጣና የዘር ሐረግ ሲቆጠር ብቻ ይነሣል። አገር ቤት ቢሆኑ ኖሮ ልጅዎ የሚጠራው በራሱና በባለቤትዎ ስም ነበር። አሜሪካ ስለሆናችሁ ግን የአማትዎ የክርስትና ስም በዚያ ትውልድ ላይ ቆመ፤ ለልጅ ልጆችዎም ይተላለፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ የማይለዋወጥ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአባት ስም ጸና፤ ሕጉ ያላደረገውን የውጭ አገር ኑሮ አደረገው።

መቆረጡ ዝምድናን ጭምር እንዴት እንደሚያዛባ ለማየት በ«ሥላሴ» የሚያልቁ ስሞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ፣ ደራሲውና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሁሉም በመጨረሻው ቃል ቢመዘገቡ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። በመካከላቸው የታወቀ የሥጋ ዝምድና ያላቸው ሣህለ ሥላሴና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ የራስ መኮንን እናት ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለነበሩ ነው። ስሙ ግን በዚያ መስመር የተወረሰ አይደለም፤ ተፈሪ መኮንን «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን በክርስትና ስምነት ነበር የያዙት፤ በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን የመንግሥት ስም አደረጉት። የውጭ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ «ሥላሴ» ብለው ሲያሳጥሯቸው አያለሁ፤ ንጉሠ ነገሥቱን በዚያ መልክ መጥራት የልጅዎ መምህራን ከሚያደርጉት አይለይም። የዓለም የጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆኑት ዶክተር ቴዎድሮስ አድሓኖም ገብረ ኢየሱስ ግን በየመግለጫው «ዶክተር ቴዎድሮስ» ተብለው በራሳቸው ስም ይጠራሉ፤ የአያታቸውም ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሳይቆረጥ አንድ ላይ ነው። ለትምህርት ቤቱ ምሳሌ ቢያስፈልግዎ ይህን ይጥቀሱ።

በአማርኛ አንድ ላይ ወይስ ተለያይቶ ላሉት፣ ሰዋስዉን የሚጠብቀው ተለያይቶ መጻፉ ነው፤ «ገብረ ሥላሴ»። በሁለት ነጥብ ቃላት ይለዩ በነበረበት ዘመን «ገብረ፡ሥላሴ» ይባል ነበር፤ ነባሮቹ መጻሕፍት በዚህ መልክ ነው የያዙት። ዛሬ «ገብረሥላሴ» ብሎ ማገናኘት በጣም ተለምዷል፤ በተለይ ሰዎቹ ራሳቸው በመታወቂያቸው ላይ እንዲህ ካስመዘገቡ ሌላው የመለወጥ መብት የለውም። የማልደግፈው በእዝባር ማሳጠሩን ነው። «ገ/ሥላሴ»፣ «ኃ/ማርያም» የሚሉት አንባቢን አያስቸግሩ ይሆናል፤ «ወ/ሥላሴ» ሲባል ግን ወልደ ይሁን ወለተ አይታወቅም፤ «ተ/» ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል፤ «ወ/ሮ ወ/ማርያም» የሚል የፍርድ ቤት ወረቀት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለወራሽ ምን እንደሚያስረዳ ያስቡት። ብዙዎቹ የውጭ አገር ጣጣዎችም ከዚህ ይጀምራሉ፤ በአገር ቤት ወረቀት ላይ በእዝባር የተጻፈ ስም እንዳለ ወደ ላቲን ፊደል ይገለበጣል፤ የትኬቱም የቪዛውም ቅጽ እዝባር ስለማይቀበል ከፊቱ ያለችው አንዲት ፊደል ትወድቅና «ሥላሴ» ብቻውን ይቀራል።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ምክሬ የተገላቢጦሽ ነው፤ ያለ ክፍተት፣ ያለ ሰረዝ፣ አንድ ላይ ይጻፍ። በዚያ አጻጻፍ ባዶ ቦታ ማለት የአንዱ ስም መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ ማለት ስለሆነ መዝጋቢውም ኮምፒውተሩም እዚያ ላይ ይቆርጡታል። የፊደሉ ምርጫ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይለያያል። ከኤርትራ የመጡት ከመጀመሪያዋ ጂ ቀጥሎ ኤች ይጨምራሉ፤ ጣልያንኛ ጂን ከኢ ፊት «ጀ» ብሎ ስለሚያነብ ድምፁ «ገ» ሆኖ እንዲቀር ነው ኤቿ የገባችው። ኃይሌ ደግሞ በዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ የታወቀው በ«ብ» እና በ«ር» መካከልም ከ«ር» በኋላም አናባቢ በሌለው አጻጻፍ ነው። «ሥላሴ» ሲነገር «ላ» ስለሚጠብቅ ኤል የሚደግሙም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት የሚባል የለም፤ የእናንተ ትክክል በባለቤትዎ ፓስፖርትና በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ስሙን እንዲያስተካክል ከመጠየቅዎ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቱን ይመልከቱ። እዚያ ላይ ስሙ አንድ ላይ ተጽፎ ከሆነ ስሕተቱ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ብቻ ነው፤ የወረቀቱን ግልባጭ ይዘው ሄደው «ገብረ» ከመካከለኛ ስም ሣጥን ወጥቶ ከ«ሥላሴ» ጋር በመጨረሻ ስም ሣጥን እንዲገባ ያሳስቡ። እዚያም ተከፍሎ ከሆነ ግን መታረም ያለበት ከምስክር ወረቀቱ ጀምሮ ነው፤ ፓስፖርቱም ትምህርት ቤቱም ያንኑ ስለሚከተሉ፣ ልጁ መንጃ ፈቃድና የኮሌጅ ማመልከቻ ከሚያወጣበት ዕድሜ በፊት ቢጨርሱት ይቀልዎታል።